የአባቴን ደረት ያነበበችው ኮምፒውተር

ለዓመታት ሥራዬ አክታ መሰብሰብ ነበር። ይህን ሲያነብ ፊቱን የሚያጨማድድ ካለ ያጨማድድ፤ እኔ አላፍርበትም። መንዝ ውስጥ፣ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ፣ የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ነርስ ነኝ። ሳል የያዘው ሰው ሲመጣ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ እሰጠዋለሁ። «ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ከደረትዎ ስበው ያምጡልኝ» እለዋለሁ። ያመጣውን በሞተር ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል እልካለሁ፤ ከዚያ መጠበቅ ነው። ዝናብ ከጣለና መንገዱ ከጨቀየ ሞተሩ ይቀራል። ሞተሩ ከቀረ አክታው ይበላሻል። አክታው ከተበላሸ ሰውየውን እንደገና ማስጠራት አለብኝ፤ እሱ ደግሞ አጨዳውን ጥሎ ያንን ሁሉ ዳገት ሁለተኛ አይወጣም። እንዲህ እያለ ስንቱ ከእጄ እንዳመለጠ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው።

እንግዲህ ራጅ የምታነሳ፣ ያነሳችውንም ሐኪም ሳትጠብቅ ራሷ የምታነብ ማሽን ወደ እኛ ቀበሌ ልትወጣ ነው ሲባል ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ፣ «ሐኪም ላኩልን ብለን ስንጮህ ከርመን ኮምፒውተር ይላክልን?» አልኩ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ ፀሐይ በመውጣቷም ትናደጃለሽ» አለኝ። ውሸት የለበትም፤ መናደድ ይቀናኛል። እናቴ «ይህቺን ልጅ በርበሬ እየቀነጠስኩ ነው ያማጥኳት» ትላለች።

የዚያን ጊዜው ንዴቴ ግን ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ያንን ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ ያስሉ ነበር።

ሳሉ የጀመራቸው ገብስ ሲወቃ ነው። መጀመሪያ «እብቁ ነው» አሉ። ውድማው ተጠራርጎ ሲያልቅ «ጉሙ ነው» አሉ። ጉሙ ሲነሳ ደግሞ «እርጅና ነዋ፣ ምን ይሆናል ብለሽ ነው» አሉኝ። አባቴ የዕድር ዳኛ ናቸው። ሁለት ሰው በድንበር ሲጣላ የሳቸው ቃል ሳይሰማ ነገሩ አያልቅም፤ ስለዚህ «ነው» ያሉትን «አይደለም» የሚል ሰው አልለመዱም። ቁመታቸው ያው ነው፤ በርኖሱ ግን ትከሻቸው ላይ እየሰፋ ሄደ። እናቴም አንድ ቀን ወደ ጓዳ ጠርታ፣ የሱሪያቸውን ወገብ ሁለት ጊዜ እንዳጠበበችላቸው በሹክሹክታ ነገረችኝ።

አክታ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። እንደ መሳደብ ቆጠሩት። ስለምናቸው ከረምኩ፣ በመጨረሻ ዕቃዋን ተቀብለው ሄዱ፤ በማግስቱ ሞልተው አመጡልኝ። ላክሁት። ውጤቱ «የለም» ብሎ መጣ። እኔም በገዛ እጄ ካርዳቸው ላይ «ነጻ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ አፌን በከፈትኩ ቁጥር አባቴ ያቺን ካርድ ከደረት ኪሳቸው እያወጡ፣ «ይኸ የማን ጽሑፍ ነው? ያንቺ አይደለም?» ይሉኝ ጀመር። የሰውን ሁሉ ሳል እየተከታተልኩ የአባቴን ሳል ዝም ብዬ መስማት ሆነ ሥራዬ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እንዲህ ነው። ሳንባ ነቀርሳ በጊዜው ከተያዘ የሚድን በሽታ ነው፤ ካልተያዘ ይገድላል። አባቴ ዓይኔ እያየ ሊሞቱብኝ ነበር።

ማሽኗ የመጣችበትን ቀን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ባለሙያዎቹ ከከተማ ደውለው «የሥራ ቀን ይሁን፣ ማክሰኞ» ሲሉኝ፣ «የናንተ የሥራ ቀን የኛም የሥራ ቀን ነው፤ ማን ይመጣላችኋል? በወሩ ሚካኤል አድርጉት» አልኳቸው። በሚካኤል ማንም አያርስም፣ ማንም አያጭድም፤ ሰው ቅዳሴ ወጥቶ ነጠላውን እንዳጣፋ ዝም ብሎ የሚቆምበት ቀን ነው። እንደዚያው ሆነ። ቅዳሴ ሲወጣ የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞላ።

ራጅ ስል እኔ የማውቀው ክፍል የሚሞላ፣ ጣሪያ የሚነካ ብረት ነበር። የራጅ ባለሙያው ወጣት ከመኪናው ያወረዳት ግን የሠርግ ካሜራ ታክላለች። በባትሪ ትሠራለች። አንድ ጥቁር ሰሌዳ ግድግዳው ላይ አቆመ፣ ላፕቶፑን የተማሪ ዴስክ ላይ ዘረጋ፤ በቃ፣ ሆስፒታል ሆነ። ልጁ የለበሳት ጃኬት ስስ ነበረች፤ የኛ ብርድ አጥንቱ ድረስ ገብቶ ሲያንቀጠቅጠው አንዲት ሴት አዘነችለትና ባና ደረበችለት። ያንን ጥቁር ወፍራም ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያንን ዘመናዊ ዕቃ ሲያስተካክል ሳየው ንዴቴ ትንሽ በረደ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰውየው ደረቱን ሰሌዳው ላይ ለጥፎ ይቆማል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ማሽኗ ከጀርባው ጠቅ ትላለች። ሳንባው ላፕቶፑ ላይ ይወጣል። ኮምፒውተሯ ወዲያው ታነብና የጠረጠረችው ቦታ ካለ ቀይ ትቀባዋለች። ከዚያ የተጠረጠረው ሰው አክታ ይሰጣል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው አክታው ነው።

«አንገታችሁ ላይ ያለውን ሁሉ አውልቁ» አለ ልጁ።

ማተብ ይፈታል? ሰው ክርስትና ሲነሳ ያሰረውን ለፎቶ ብሎ ይበጥሳል? ከፊት የቆሙት ቄስ ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት። ልጁ የራሱን ማተብ በእጁ ዳበሰና አፈረ። «እሺ፣ በቃ ዘወር አድርጉት» አለ፤ ወደ ላይ ወደ ትከሻ ማለቱ ነበር። ወንዶቹ ግን ማተባቸውን ይዘው፣ መስቀሉንም አብሮት ያለውንም ሁሉ ወደ ጀርባቸው ገለበጡት። ከእግዚአብሔር የሚሰወር የለም የሚል ስብከት ሲሰሙ ያደጉ ሰዎች፣ ከማሽን ግን ከኋላ ያለ ነገር ይሰወራል ብለው ደመደሙ።

ቄሱ ቀድመው ገቡ፤ ንጹህ። አንድ ጎረቤታችን ተከተሉ፤ ንጹህ። ሦስተኛው አባቴ ነበሩ። ከሰው ፊት ሸሸ እንዳይባሉ ነው የተሰለፉት። በርኖሳቸውን አውልቀው፣ በሸሚዝ ቀርተው ሰሌዳው ላይ ቆሙ። ጠቅ አለች። ኮምፒውተሯ ትንሽ አሰበችና የቀኝ ሳንባቸውን አናት ቀይ ቀባችው። አባቴ ወደ ላፕቶፑ አላዩም፤ በርኖሳቸውን ማንሳት ጀመሩ።

ነገር የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። አራተኛው ሰውዬ ቀይ። አምስተኛው ቀይ። ስድስተኛው ደግሞ በግራም በቀኝም ቀይ። ልጁ ላቡ መጣ፤ በዚያ ብርድ! ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ወይ የተሰለፈው ሰው በሙሉ በሽተኛ ነው፣ ወይ ኮምፒውተሯ ጅል ናት። እኔ እውነቱን ልናገርና፣ ጅል ብትሆንልኝ ደስ ባለኝ። አንገቴን አስግጌ ስዕሉን አየሁት። የአምስተኛው ሰውዬ ቀይ ቦታ አራት ማዕዘን ነው። እኔ ደግሞ ማዕዘን ያለው በሽታ አይቼ አላውቅም።

«እስቲ ጀርባዎ ላይ ምንድን ነው ያለው?» አልኳቸው።

ሰውየው ለእኔ ከመመለሳቸው በፊት ቄሱን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው በቆዳ የተሰፋ ክታብ ከሸሚዛቸው ሥር ጎተቱ። ስድስተኛው ሁለት ነበራቸው። አራተኛው «እኔ እንኳ ለራስ ምታት ነው» ብለው ማስረዳት ጀመሩ።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አሉ ቄሱ። «ይኸንን ነገር ጣሉ እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ያስተማርኩት ለማን ነው? ለዛፉ ነው? አሁን ይኸ መኪና ያጋልጣችሁ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ያ ቀበሌ እንዲያ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተጣጠፉ። በዚያ ሳቅ መሐል የአባቴ ድምፅ ተሰማ። «በሉ እንግዲህ፣ የእኔም ክታብ ነው» አሉና በርኖሳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወጡ። ሰዉ የባሰ ሳቀ። «የዕድር ዳኛውም!» አለ አንዱ።

እኔ ብቻ አልሳቅኩም። አባቴ ክታብ አስረው አያውቁም። ልጆች ሆነን ስንታመም እናቴ ብታስርልን እየፈቱ እሳት ውስጥ የሚጨምሩ ሰው ናቸው። የዕድር ዳኛ በሰው ሁሉ ፊት፣ በቄሱ ፊት፣ ያላደረጉትን አደረግሁ ብለው መሳቂያ የሆኑት ምን ለመደበቅ ነው? መልሱ መጣልኝ። አባቴ መታመማቸውን ያውቃሉ። ወደ ስዕላቸው ተመለስኩ። ማዕዘን የለውም፤ ጠዋት ገደሉ አፋፍ ላይ እንደሚተኛው ጉም ወጣ ገባ ያለ ነው።

ሮጬ ከትምህርት ቤቱ ካብ ወዲያ ደረስኩባቸው። ዳገቱ አሸንፏቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አባባ፣ ክታብዎን ያሳዩኝ» አልኳቸው።

«ወግጂ።»

«አሳዩኝ! ከሌለዎት የለኝም ይበሉ!»

በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። እሳቸውም ደንግጠው አዩኝ። አንድ ዙር አሳሉ፤ አፋቸውን በበርኖሱ ጠርዝ ያዙ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ገደሉ አድርገው ነገሩኝ። ታላቅ ወንድማቸው በጉብዝናው እንዲህ አስሎ ነበር። ከሰው ተለይቶ ከእርሻው ዳር ጎጆ ተቀለሰለት፤ ምግቡ ደጃፉ ላይ እየተቀመጠለት፣ ማንም አጠገቡ ሳይደርስ፣ ብቻውን ሞተ። ምግቡን የሚያስቀምጡት እሳቸው ነበሩ። «አስቀምጬ እሮጥ ነበር» አሉኝ። «ስሜን ሲጠራ እሮጥ ነበር።»

«ያ የሰጡኝ አክታስ?»

«የምን አክታ? አባት ልጁ ፊት አክታውን ያቀርባል? ምራቄን ነው የሰጠሁሽ። አፌን ተጉመጥምጬ፣ ንጹሁን።»

እስከዚያ ቀን ሰውን ሁሉ «ከደረትዎ ስበው» ስል ስኖር፣ አንድም ጊዜ ለአባቴ እንዴት እንደሚሳብ አላሳየኋቸውም። እኔም አፍሬ ነበር። ዕቃዋን ከፍቼ እንኳን አላየኋትም። እሳቸው በእኔ አፍረው፣ እኔ በሳቸው አፍሬ፣ በሽታው በመሐላችን ተመቻችቶ ተቀመጠ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ሁለት ሆነን ነው የደበቅነው።

ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። «አባባ፣ ያንን ነጻ የሚል ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቢሞቱብኝ የገደልዎት በሽታው አይደለም፤ እጄ ነው። ይኸን ይዤ እንዴት እኖራለሁ? ጎጆ አንቀልስም። መድኃኒቱን በጀመሩ በጥቂት ሳምንት ወደ ሰው መተላለፉም ይቆማል። ስሜን ሲጠሩ የሚሮጥ የለም፤ እኔ አለሁ» አልኳቸው። አለቀስኩም።

አባቴ ራሴን ዳበሱኝ። «በቃ፣ በቃ። አንቺ ደግሞ ስታለቅሺም በቁጣ ነው» አሉና ተነሱ።

ስንመለስ ቄሱ ችግሩን ፈትተውት ደረስን። «ማተብም አይፈታ፣ ማሽንም አይታለል» ብለው ደንብ አውጥተዋል፦ ክታብ ተለይቶ ወደ ዳር፤ የማተቡ መስቀል ግን ወደ ላይ ተስቦ በከንፈር ይያዝ። «መሳለም የምታውቁት ነው፤ ተሳልማችሁ ቁሙ።» ከዚያ በኋላ የኛ ሰው በሙሉ መስቀሉን በከንፈሩ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እንደ ጸሎት ቆሞ ራጅ ተነሳ። የራጅ ባለሙያው ብዙ አገር መዞሩን ነገረን፤ እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ፣ ያልተንቀሳቀሰ ፎቶ ግን አንስቶ እንደማያውቅ ማለልን።

ቀዮቹ አንድ በአንድ ጠፉ። አራተኛው ንጹህ፣ አምስተኛው ንጹህ፣ ባለ ሁለት ክታቡ ንጹህ። የአባቴ ግን እዚያው ቀረ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንዲት ጭራሽ የማታስል፣ አክታ አምጪ ብዬ ልጠይቃት በሕልሜም የማላስባት እናት ቀይ ወጣች። ይህን ጊዜ እጄን ሰጠሁ። ኮምፒውተሯ የክታብ ቆዳ ከበሽታ ላትለይ ትችላለች፤ እኔ የማላየውን ግን አየች። እኔ ደግሞ እሷ የማታውቀውን አውቃለሁ፦ ማን ክታብ እንደማያስር። ሁለታችን አንድ ላይ ስንሆን ጎበዝ ነን።

አባቴ የዚያን ቀን እውነተኛውን አክታ ሰጡ። እንዴት እንደሚተነፍሱ፣ ከየት እንደሚስቡ ራሴ አስዬ አሳየኋቸውና ፊቴን አዞርኩላቸው። ሞተሩ ወደ መሐል ሜዳ በረረ። እዚያ ያለችው ሌላዋ ማሽን አክታው ውስጥ ያለውን ዘረመል መርምራ፣ ባክቴሪያው አለ ወይስ የለም ብቻ ሳይሆን መድኃኒት የለመደ ነው ወይስ ያልለመደ የሚለውንም በሁለት ሰዓት ውስጥ ትናገራለች። በማግስቱ ጠዋት ውጤቱ ስልኬ ላይ ገባ። አለ። መድኃኒት ግን አልለመደም፤ የዚያች የማታስል እናትም እንደዚሁ። አባቱ ሳንባ ነቀርሳ አለበት ተብሎ እልል ያለ ሰው ካለ እኔ ብቻ ነኝ፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ እልል አልኩ። ኃላፊው ከቢሮው ወጥቶ «ደግሞ ማን አናደደሽ?» አለኝ።

የስድስት ወሩ መድኃኒት በባለሙያ ዓይን ፊት መዋጥ አለበት። ድሮ ቢሆን አባቴ በየቀኑ ያንን ዳገት ይወጡ ነበር። አሁን ግን በቪዲዮ ሆነ፤ ጠዋት ጠዋት ሲውጡ እናቴ ትቀርጽና ትልክልኛለች። የመጀመሪያው ሳምንት የደረሰኝ የእናቴ አውራ ጣት ነው። ሁለተኛው ሳምንት የቤታችን ጣሪያ። «አባባን ቅረጪ እንጂ!» ብዬ ስደውል፣ «እሳቸው ያው ናቸው፣ ምናቸው ይቀረጻል?» አለችኝ። በሦስተኛው ሳምንት አባቴ ስልኩን ራሳቸው ያዙ። ኪኒኑን አሳይተው፣ ውጠው፣ ምላሳቸውን አውጥተው፣ «ይኸው፣ ዳኛ!» ይሉኝ ጀመር። የእናቴም ሳንባ ተነሳ፤ ንጹህ ነው። የሱሪውን ወገብ መልሳ ለቀቀችው።

ሥልጠና ላይ የሰማሁት ሌላም አለ። ሳሉን ብቻ ሰምቶ የሚለይ ስልክ እየመጣ ነው አሉ፤ የልብን አመታት በእጅ ሰዓት የሚከታተል፣ ደምን በጠብታ የሚያነብም እንደዚሁ። ይምጡ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ እናደድባቸዋለሁ፤ ከዚያ ከኛ ሰው ጋር አለማምዳቸዋለሁ።

ስድስት ወሩ ሲሞላ ማሽኗ ተመልሳ መጣች። አሁንም በሚካኤል ነው፤ ሰልፉ ከድሮው ይረዝማል። የአባቴ ሳንባ ተነሳ፤ ኮምፒውተሯ አንዲት ነጥብ ቀይ እንኳ አልቀባችም። ይህን እያየሁ ዓይኔ እንባ ሊያፈስ ሲል ከሰልፉ መሐል አንድ ሽማግሌ ሾልከው ሊሄዱ ሲሉ አየን። አጥንታቸው የወጣ፣ ትንፋሽ ያጠራቸው ሰው ናቸው። «እኔን እብቁ ነው እንጂ ሌላ አይደለም» ይላሉ።

አባቴ ከወንበራቸው ተነሱ። አገር የሚያውቀው፣ በችሎት የሚናገሩበት ድምፅ ነው የወጣው።

«ወንድሜ፣ እብቅ አይደለም። እኔም እብቅ ነው ብዬ ነበር። ሳንባ ነቀርሳ ነው የያዘኝ። ክታብ ነው ብዬ በሁላችሁም ፊት የዋሸሁት ፈርቼ ነው። ያዳነችኝ እቺ ናት» አሉና በእጃቸው አመለከቱኝ። «የእኔ ልጅ ናት። በሷ ፊት የሚታፈርበት ነገር የለም፤ አባቷ ነኝ፣ አክታዬን ሰጥቻታለሁ።»

ሽማግሌው ቆሙ። ግቢው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። በዚህ ዕድሜዬ አባቴ በሰው ፊት ስለ እኔ በጎ ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ዝም ብል አለቅሳለሁ፣ ብናገር አለቅሳለሁ። ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» ብዬ ጮህኩባቸው። «ሰልፍ ያዙ!»